የቤቴ ልክ

ጥቅምት 6 ቀን

ይድረስ ለልጄ ለድንቢጤ፤

ለሰላምታሽ እኔም ቤቱም ደህና ነን። ቤቱን ከራሴ ጋር ደምሬ የጻፍኩት፣ አንቺ ስለ እኔ አንድ መስመር ጠይቀሽ ስለ ቤቱ ገጽ ሙሉ ስለጠየቅሽ ነው።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ጎረቤቴ መዝጋቢው «ልጻፍልህ» ብሎኝ ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ እጁን ይበላዋል። እምቢ አልኩት። ፊደሌ ቢንጋደድም መንገዱን አይስትም። ስልኩን ለምን እንደማላነሳ ደግመሽ አትጠይቂኝ። በስልክ የተባለ ነገር ነገ «መቼ አልኩ» ይባላል። ወረቀት ግን መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀኛል። ደብዳቤውን የአውቶቡሱ ሹፌር ያደርስልሻል። ከእኔ ጋር በአንድ ጋራዥ ያረጀ ሰው ስለሆነ አይከፍተውም።

አሁን ወደ ጥያቄዎችሽ። በሩ ሲከፈት ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል ላልሽው፣ የበር ድምፅ ነው የሚያሰማው። መጋረጃው ምን ዓይነት ነበር ላልሽው፣ ቡናማ ነው፤ ነበር ሳይሆን አሁንም አለ። ጣሪያው ያፈሳል ወይ ላልሽው፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ያንጠባጥባል፤ ድስት አስቀምጬበታለሁ። እናትሽ ስትቀመጥ ፊቷን ወዴት ታዞር ነበር ላልሽው ግን ምን ብዬ ልመልስልሽ? ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ምን ሊያደርግበት ይጠይቃል?

እናትሽ ካረፈች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። እስከ ዛሬ ስለ በር ጠይቀሽኝ አታውቂም። ድሮ የምትጽፊልኝ ስለ ቲያትርሽ ነበር። አንቺ ደረስሽው፣ አንቺ አዘጋጀሽው፣ አንቺ ተወንሽበት፤ መጨረሻ ላይ አዳራሹንም አንቺ ሳትጠርጊው አትቀሪም። አሁን ስለ ቲያትሩ ትንፍሽ የለም። በር፣ መጋረጃ፣ ጣሪያ። ይህንን ለመዝጋቢው ስነግረው ጢሙን አሻሸ። እሱ ጢሙን ሲያሻሽ አልወድም። በሥራ ዘመኑ ስንት ቤት ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ገዢ ሲዞር በእጁ የመዘገበ ሰው ነው።

ብርድ እንዳይመታሽ ተጠንቀቂ።

አባትሽ


ጥቅምት 15 ቀን

አባዬ፣

መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ። ቀን ልምምድ ላይ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መዶሻ ይዤ አመሻለሁ። ትልቁ አዳራሽ ከባለፈው ሥራዬ በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር ተመልካች ያሸሻል» ብሎ በሩን ስለዘጋብን አሁን የምንሠራው መናኸሪያው አጠገብ ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ይበርዳል፤ ግን የራሳችን ነው። ተዋናዮቹ አንድ በአንድ ደመወዝ ወዳለበት ሄደዋል። እኔና አንድ ጓደኛዬ ቀርተናል።

ምን እየሠራሁ እንደሆነ አሁን ልነግርህ አልችልም። አልፈልግም ሳይሆን አልችልም። ሲያልቅ መጀመሪያ የምትሰማው አንተ ነህ። እስከዚያ ዝም ብለህ መልስልኝ፤ ደግሞ ባለፈው ቲያትሬ ለምን እንዳልመጣህም ንገረኝ፤ ይህንን ሁለት ጊዜ ጠይቄህ አልፈኸዋል።

ስለ ጣሪያው፣ ያ ጓደኛዬ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ አየት አድርጎልህ ይመጣል። ጥሩ ልጅ ነው። እባክህን አትቆጣው።

ድንቢጥህ


ጥቅምት 28 ቀን

ለድንቢጤ፤

የላክሽው ሰው መጥቶ ሄደ። ጤንነቱን እንጃ፤ ሲሄድ ግን ይሮጥ ነበር።

ጣሪያ ያያል ያልሽው ሰው ጣሪያውን አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ድስቱን ተራምዶት አለፈ። ሻይ ሰጠሁት፣ ጠጣ። ስኳር ልጨምርልህ ብዬ ጓዳ ገብቼ ስወጣ ከኪሱ ሜትር መዞ ግድግዳዬን ይለካል። በሩን ለካ፣ መስኮቱን ለካ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ያለውንም ለካ። አልፎ ተርፎ በሩ ግርጌ ተንበርክኮ፣ ዕቃ ተሸክሜ እጄ አልበቃ ሲለኝ በጫማዬ እየገፋሁ የላጥኩትን ቦታ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

«ወንድሜ፣ ጣሪያው እላይ ነው» አልኩት።

«አባባ፣ መጀመሪያ ስፋቱን ማወቅ አለብን» አለኝ።

«እናንተ እነማን ናችሁ?» ስለው ሜትሩን ይጠቀልል ጀመር። ሜትሩን ከእጁ ተቀበልኩትና ያንኑ የለካውን በር አሳየሁት። ሜትሩ እኔ ጋ ነው። ከፈለገው ራሱ ይምጣና የማንን ቤት ለማን እንደለካ እፊቴ ቆሞ ይንገረኝ።

መዝጋቢው ሁሉን ነገር በአጥሩ ላይ አሻግሮ አይቷል። «ተለካ?» አለኝ። «ተለካ» አልኩት። «እንግዲህ…» ብሎ ገባ። ከዚያች «እንግዲህ» ወዲህ እህል አልጣመኝም።

እንግዲያው ስሚኝ። እኔ ዕድሜዬን በሰው መኪና የሰው ዕቃ ሳመላልስ የኖርኩ ሹፌር ነኝ። የእኔ የምለው ይህ ቤት ብቻ ነው። አንቺ ከተማ ላይ አዳራሽ አጥተሻል፤ አዝናለሁ፣ ልጄ ነሽ። ግን አዳራሽ ያጣ ሰው ዓይኑ ቤት ላይ ማረፉ አይቀርም። ሊሸጥ የተዘጋጀ ቤት ካለ የእኔ አይደለም። እናትሽ ሙሽራ ሆና የገባችውም፣ ሬሳዋ የወጣውም በዚሁ በር ነው። እኔም የምወጣው እንደ እሷ በሰው ትከሻ ነው። ለማንኛውም በሩ ላይ ሁለተኛ መቀርቀሪያ አስገጥሜያለሁ።

ለቲያትርሽ ለምን አልመጣህም ላልሽው፣ የፊተኛውን ስላልረሳሁት ነው። ሰዉን መድረክ ላይ ደርድራችሁ፣ ተዋናዮቹ ታች የሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ሲያዩን አመሹ። ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ጭራሽ ማልቀስ ጀመረ። ጋዜጣው ይህንን «የሙከራ ቲያትር» ይለዋል። እኔ መንጃ ፈቃድ ሳወጣ አንድ ቀን ተሞከርኩ፣ አለፍኩ፣ አለቀ። ያንቺ ሙከራ የሚያልቀው መቼ ነው?

አባትሽ


ኅዳር 7 ቀን

አባዬ፣

ስለ ጣሪያው ዋሽቼሃለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። ሌላ ሰበብ ባገኝ ኖሮ ሌላ ሰበብ እፈጥር ነበር፤ ይህንንም ልደብቅህ አልፈልግም። ልጁ ሜትሩን ጨርሶ አላነሳውም፤ የሚያነሳው አንተን ነው። «አባትሽ ሲቆጡ ድምፃቸው አይነሳም፤ በሩን ብቻ ነው የሚያሳዩት» እያለ እያስመሰለ ያሳየኛል።

ቤቱን አልሸጥም። ማንም አይሸጠውም። በእናቴ እምልልሃለሁ። ከዚህ በላይ የምምልበት የለኝም።

ከእንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። እኔ ገና በልጅነቴ ለትምህርት ብላችሁ አክስቴ ጋ ላካችሁኝ። እቤት የምመጣው ለእረፍት ነበር፤ ያኔ ደግሞ አንተም እረፍት ወስደህ ትጠብቀኝ ነበር። ስለዚህ እናቴ አንተን ስትጠብቅ አንድ ቀን እንኳ አይቻት አላውቅም። ሰው ሁሉ «እናትሽ እኮ ዕድሜዋን ሹፌር ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት» ይለኛል፤ እኔ ግን አላየኋትም። አንተን ስትጠብቅ ወንበሯን የት ነበር የምታደርገው? ሌላውን ሁሉ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜያለሁ። ይህንን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ።

ድንቢጥህ


ኅዳር 16 ቀን

ለድንቢጤ፤

መስኮቱ ጋ ነበር። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ መጋረጃውን በእጇ ገለጥ አድርጋ። ሲመሻሽ ትገባና ትተኛለች። እኔም አምሽቼ አላውቅም። ይኸው ነው።

ይህንን የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነው። ከሌላ ሰው አፍ የሰማሁት ቀን ከየት እንደወጣ አውቃለሁ።

በእናትሽ ስለማልሽ አምኜሻለሁ። ሁለተኛውን መቀርቀሪያ ግን አላስነሳሁትም። ማመን ሌላ፣ መቀርቀር ሌላ። መዝጋቢውም «መሐላ መዝገብ ላይ አይሰፍርም» ብሎኛል። ይህ ሰው መልካም ጎረቤት ነው፤ ግን እሱን አነጋግሬ ደስ ብሎኝ ገብቼ አላውቅም።

አክስትሽ ጋ የላክንሽ እናትሽ ስላለች ነው። «የመኪና ድምፅ እየቆጠረች አትደግ» አለችኝ። አንቺ ባትጠይቂኝም ልንገርሽ ብዬ ነው።

ሜትሩ ጥሩ ሜትር ነው። እየጎተትኩ ስለቀው እንደ እንሽላሊት ምላስ ሹልክ ብሎ ይገባል። ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ቁም ሳጥኑን ለካሁበት።

አባትሽ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ልጄ፣

ዛሬ ድንቢጤ አላልኩሽም።

የአውቶቡሱ ሹፌር ዛሬ ጠዋት ቤቴ ድረስ መጣ። ከመኪናው ሳይወርድ የሚያወራ ሰው ሞተር አጥፍቶ ወረደ። «ጉድ እኮ ነው፤ ያንተን ቤት ለማየት ሰው ተሰልፏል» አለኝ። የት? መናኸሪያው አጠገብ፣ መጋዘኑ በር ላይ። ማን ያስገባል? አንዲት ልጅ። ምን አይተህ ነው የእኔ ቤት ነው ያልከው? ግድግዳው ላይ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል፤ በሩ የአንተ በር ነው፣ ግርጌው ከነመላጡ። እሱ የአውቶቡሱ መውጫ ተራ ደርሶበት ወደ ውስጥ አልገባም። ወጥተው የሚሄዱትን ግን አይቷል። «ዝም ብለው ነው የሚወጡት፤ በዋጋ እንደ ተስማማ ሰው» አለኝ።

ቤቱ እዚህ ሆኖ ሰልፉ እዚያ እንዴት ይሆናል ብዬ ለመዝጋቢው አቀረብኩለት። «ዘመኑ ነው፤ በፎቶ ያሳያሉ፣ በልክ ይዋዋላሉ። ባለ ሜትሩ ፎቶውን ለምን ያነሳው መስሎህ ነበር?» አለኝ።

በእናትሽ ምለሽልኛል። ሌላ የምለው የለኝም። ከዚህ በኋላ አትጻፊልኝ፤ እኔም አልጽፍም። የምናገረው ካለኝ በአካል እናገረዋለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 14 ቀን

አባዬ፣

አትጻፊልኝ ያልከው ደብዳቤ የደረሰኝ አንተ ከመጣህ በኋላ ስለሆነ አልቆጠርኩትም።

ሳትሰናበተኝ ለምን ሄድክ? ልብሴን ሳልቀይር መናኸሪያ ድረስ ሮጬ ደረስኩ፤ አውቶቡሱ ወጥቷል። ሜትሩን ወንበሩ ላይ ትተህልናል። ልጁ አሁን በኪሱ አይዘውም፤ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል።

ስላየኸው አሁን ልነግርህ እችላለሁ። ያ ቤት በኮምፔርሳቶና በምስማር የሠራነው ቤት ነው። ያንተን ቤት ማንም አልነካውም። የተሰለፈው ሰው ቲያትር ሊያይ ነው። ታሪኩ አንዲት ሴት ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ባሏን ስትጠብቅ ነው፤ ሌላ የለውም። ባልየውን ሆኖ የሚሠራ ተዋናይ የለም። ከውጭ መኪና ይሰማል፣ ያልፋል። ሰዉ ሁሉ በሩን እያየ ያመሻል፤ በሩ ሳይከፈት መብራት ይጠፋል። የጻፍኩት እንደዚያ ነበር።

አስቀድሜ ያልነገርኩህ አሠራሬ ስለሆነ ነው። ስለ አንድ ሰው ስሠራ ለሰውየው አልነግርም። ሰው እንደሚታይ ካወቀ ይተውናል። መተወኑን እኔ እችልበታለሁ፤ ከአንተ የምፈልገው ሌላውን ነበር። የመጨረሻው ቀን ልጠራህና ፊተኛው ወንበር ላይ ላስቀምጥህ አስቤ ነበር።

አንተ የመድረኩን በር ገፍተህ ስትገባ፣ መብራት የሚያጠፋው ያው ባለ ሜትሩ ልጅ ማጥፋቱን ረሳ። እኔም «መጣህ?» አልኩህ፤ ቃሉ ጽሑፉ ውስጥ የለም። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ሰዉ ግን ሁሉም የተጻፈ መስሎታል። በማግስቱ የመጡት «ሰውዬው የታሉ?» ሲሉ አመሹ። ጋዜጣው «ስማቸው ያልተገለጸው አንጋፋ ተዋናይ» ብሎሃል። ቆርጬ ልኬልሃለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። በሌላ ወረቀት ለብቻ ጽፌያቸዋለሁ፤ ይህንን ተናደህ ብትቀድደው እነሱ እንዲተርፉ።

ድንቢጥህ


ጥር 2 ቀን

ለድንቢጤ፤

አልቀደድኩትም። ሁለቱም ወረቀት መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የዘገየሁት አስቤ መመለስ ስላለብኝ ነው።

ከሁሉ በፊት ለዚያ ጋዜጠኛ ንገሪው፤ እኔ ተዋናይ አይደለሁም። ስሜም ያልተገለጸው እሱ ስላልጠየቀ ነው። መናኸሪያው ውስጥ ማንንም ቢጠይቅ ይነግሩት ነበር።

የገባሁት በኋላ በር ነው። ፊት ለፊት ያለችው ልጅ «አባባ፣ ትኬት?» አለችኝ። ለገዛ ቤቴ ትኬት አልቆርጥም አልኳት። ሳቀች። የሳቀችው ከገዢዎቹ ጋር ስለተስማማች መሰለኝ። ዕድሜዬን መጋዘን ላይ ዕቃ ሳራግፍ የኖርኩ ሰው የኋላ በር አይጠፋኝም። ስገባ ጨለማ ነው፤ ገመድ፣ ሳንቃ፣ ያደናቅፋል። ከዚያ በሬን አየሁት። አረንጓዴው፣ ግርጌው ከነመላጡ። እንግዲህ ከዚህ ጀርባ ናቸው አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በያዝኩት ሜትር አናታቸውን ልላቸው ነበር። ገፋሁት።

አሁን የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ልመልስ፤ ወንበሩን ለምን አነሳህ ያልሽውን።

መስኮቱ ጋ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ወጥመድ ነበር። አንድ ቀን ገዢ መጥቶ «ባለቤትዎ ይቀመጡበት የነበረው መስኮት ይሄ ነው?» ቢለኝ ከአንቺ አፍ እንደወጣ ልይዝሽ ነበር። እናትሽ መስኮት ጋ ተቀምጣ አታውቅም። «መንገድ ማየት ያደክማል፤ እሱ ራሱ ይምጣ» ትል ነበር። ወንበሯን በሩ ሥር ነው የምታደርገው፤ የወንበሩን ጀርባ በሩ ላይ አስደግፋ። እንቅልፍ ቢጥላት በሩ ሲገፋ ወንበሩ ይነቀንቃታል። ሳታየኝ ገብቼ እንዳልተኛ ነው ዘዴው። ስለዚህ ስመለስ ያንን በር በጉልበት ከፍቼው አላውቅም። ቀስ ብዬ እገፋለሁ፤ ክብደቷ እጄ ላይ ሲሰማኝ እቆማለሁ። ከውስጥ «መጣህ?» ትለኛለች። «መንገዱ ነው» እላታለሁ። ወንበሩን ትስባለች፣ እገባለሁ። መንገዱ ያልሆነባቸው ቀኖችም ነበሩ። እሷም ታውቃለች። ይህ የእኔና የእሷ ስለሆነ ቲያትር ውስጥ እንዳይገባ።

እሷ ከሄደች ወዲህ በሩ ይቀለኛል። ስነካው ወለል ይላል። ሁለተኛ መቀርቀሪያ ያስገጠምኩትም ለሌባ ብቻ አልነበረም መሰለኝ፤ ትንሽ እንዲከብድ ነው።

ያንቺም በር እንደዚያው ወለል አለ። ገዢ የለም። የእናትሽን ሻርፕ ለብሰሽ፣ ያጠመድኩት ቦታ ላይ መስኮቱ ጋ ተቀምጠሻል። ዙሪያውን አየሁ። መጋረጃው ልክ ነው። ጥጉ ላይ ድስቷ ሳትቀር አለች፤ ባለ ሜትሩ ሥራውን ያውቃል፤ ንገሪው። አንድ ነገር ብቻ ከቦታው ወጥቷል፣ እሱም በእኔ። ዞር ብለሽ «መጣህ?» አልሽኝ። ይህንን ቃል ማን ነገረሽ? አክስትሽ ናት? ባትነግሪኝም ግድ የለም። እኔም የለመድኩትን መለስኩ። ከዚያ ወንበሩን ልወስድ ስመጣ ሳልጠይቅሽ ተነሳሽልኝ። በሩ ሥር አደረግኩት፤ ቦታውን ያዘ። ሰዉን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዓይን ሳይ እንደገና መድረክ ላይ አስቀመጠችኝ ብዬ ወጣሁ።

መዝጋቢው በአጥሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። «ተሸጠ?» አለኝ። «አልተሸጠም፤ ሌላ ተሠራ» አልኩት። ጢሙን አሻሸ። አንድ ቀን ይዤው እመጣለሁ፣ እሱ በፊት ለፊት በር ይግባ።

ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ በየምሽቱ እየመጣህ ክፈተው ያልሽው፣ አይሆንም። ሰው እንደሚታይ ካወቀ ይተውናል ብለሻል። እኔ አሁን አውቄያለሁ። አንቺም ሰዓቱን ካወቅሽው መጠበቁን ትተውኚዋለሽ እንጂ አትጠብቂኝም። እናትሽ መቼ እንደምመጣ አንድም ቀን አታውቅም ነበር። ስለዚህ ቀኑን አልነግርሽም። ለአውቶቡሱ ሹፌር አልነግርም፤ ለባለ ሜትሩማ ጭራሽ። ባልመጣሁበት ምሽት እንደጻፍሽው መብራታችሁን አጥፉ። ሰዉ ቢያጉረመርም እሷም ታጉረመርም ነበር።

እዚህ ያለውን ሁለተኛ መቀርቀሪያ አስነስቼዋለሁ።

ወንበሩን ካስቀመጥኩበት አታንቀሳቅሺው። ጀርባውን በሩ ላይ አስደግፊው፤ ከደከመሽም እዚያው ተኚበት። እኔ ቀስ ብዬ ነው የምገፋው።

አባትሽ